የእትዬ ብርቄ ጣሪያ የወረደ ቀን

ፎቶ አንሺ ነበርኩ፤ የሠርግ ሳይሆን የመንግሥት። ከመቱ ብዙም የማትርቅ፣ ስሟን እዚህ የማልጠራት አንዲት የኢሉባቦር ከተማ አለች፤ አስተዳደሯ ቀጥሮኝ ነበር። የሥራ መደቤ በወረቀት ላይ ረጅም ስም አለው፤ በሰው አፍ ግን «ካሜራው» ነበርኩ። «ካሜራው መጣ?» ይባላል። ካልመጣሁ ችግኙ አይተከልም፣ ሪባኑ አይቆረጥም፣ የተሰበሰበውም ሰው እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ዕድሜዬ ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ግጥም እጽፋለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም፣ ከሬዲዮ በጆሮዬ ለቅሜ ነው የጀመርኩት። አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ልጅ ስለነበርኩ ሥራውን ወደድኩት። በፒክአፕ ኋላ ተጭኖ ከቀበሌ ቀበሌ መዞር፣ ልምድ ልውውጥ ሲባል እስከ ቡሬ፣ እስከ ኡካ መሄድ፣ በየደረሱበት የሰው ፊት ማየት። ፊት ማየት እወድ ነበር።

የኮሙኒኬሽን ኃላፊያችን አቶ ደረጀ ሙያውን ያስተማሩኝ በአንድ ጠዋት ነው።

«ስማ ናቲ» አሉኝ፤ «አመራሩ መሃል፣ ሕዝቡ ከኋላ። ሌላው እጅ ነው። አመራር እጁ ባዶ ሆኖ አይነሳም። አካፋ ከሆነ አካፋውን ይንካ፣ ችግኝ ከሆነ ችግኙን ይንካ። እጅ የሌለበት ፎቶ ሪፖርት ላይ አይገባም።»

አንድ አካፋ ላይ አምስት ሰው ተረባርቦ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት የራሱ የፌስቡክ ገጽ አለው፤ እያንዳንዱም ኃላፊ ገጹ ላይ የሚለጥፈው የራሱ ፎቶ ያስፈልገዋል። የአንዱን ፎቶ ለሌላው መስጠት አይቻልም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ የመጣው ከዚህች ልማድ ነው።

በክረምቱ መግቢያ የአቅመ ደካሞችን ቤት የማደስ የበጎ ፈቃድ ሥራ ይጀመራል። ሥራው መጥፎ አይደለም፤ ታድሶ ሰው ደስ ብሎት የገባበት ቤት በዓይኔ አይቻለሁ። የዚያ ዓመት ማስጀመሪያ እንዲሆን የተመረጠው እኔ ቤት ተከራይቼ በምኖርበት ሰፈር ያለው የእትዬ ብርቄ ቤት ነበር። እትዬ ብርቄ በገበያ ቀን ጎመንና ቃሪያ ዘርግተው የሚሸጡ፣ ቀጠን ያሉ፣ ምላሳቸው የማይደክም እናት ናቸው። ባለቤታቸው ጋሽ ኦላና በጉልበታቸው ጊዜ በያዮ ጫካ ረጃጅም ዛፍ ላይ እየወጡ ቀፎ የሚሰቅሉ ሰው ነበሩ። ደም ግፊት ከጣላቸው ወዲህ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ ከአልጋ ውለዋል። ቤቱ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ቆርቆሮው ዝጎ ቀልቷል፤ ነገር ግን የሚያፈሰው በጓዳው በኩል ባለው ጥግ ብቻ ነበር።

ያን ቀን ጠዋት ባነሩ በሩ ፊት ለፊት በሁለት እንጨት መሃል ተወጠረ። ሰፊ ነው፤ ከንቲባው በትልቁ ይስቁበታል፣ ከሥራቸው «የአረጋውያንን ቤት በማደስ አለኝታነታችንን እናረጋግጥ!» ይላል። ንግግር ተደረገ። ጋሽ ኦላና ከውስጥ ተኝተዋል። ለጊዜው ወደ ጎረቤት እናውጣዎት ቢባሉ እምቢ ስላሉ እትዬ ብርቄ አቧራው እንዳይወርድባቸው ነጠላ ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉላቸው።

አናጺው በጓዳው በኩል ያለውን ቆርቆሮ ምስማሩን አላልቶ ጠበቀ። ከንቲባው በመሰላል ወጡ፣ ቆርቆሮውን በሁለት እጃቸው አነሱ፣ እኔም አነሳኋቸው። ተጨበጨበ። ሥራው እዚህ ላይ ቢቆም ይኸንን ጽሑፍ አታነቡም ነበር።

ከዚያ ሌላው ኃላፊ መሰላሉን ያዙ። «እኔንም እንጂ!»

አናጺው የወረደውን ቆርቆሮ አቀበላቸው። «ይሄው፣ ይህንኑ ይያዙ» አላቸው።

«የሳቸውን ቆርቆሮ ይዤ ልነሳ?» አሉ ሰውየው። ሰው ሁሉ ሳቀ። አናጺው ቀጥሎ ያለውን ፈታ። ሦስተኛዋ የሴቶች ጉዳይ ኃላፊ ነበሩ፤ በቀሚስ መሰላል መውጣታቸው ከሁሉም የበለጠ አስጨበጨበ። ከዚያ ወጣቶች፣ ከዚያ ገቢዎች፣ ከዚያ ንግድ። እያንዳንዱ ቆርቆሮ ሲወርድ ጭብጨባ፣ እያንዳንዱ ሲወርድ የዝገት ብናኝ ወደ ውስጥ።

እትዬ ብርቄ ከታች ሆነው እጃቸውን ዘረጉ። «ኧረ ልጆቼ፣ የሚያፈሰው ያ ጥግ ብቻ ነው!»

መሰላሉ ላይ ያሉት ኃላፊ ወደ እኔ ሌንስ እንደዞሩ መለሱላቸው። «እማማ፣ እኛ በከፊል አንሠራም!»

የመጨረሻው ሰው ሲወርዱ ቤቱ ወራጅና ማገሩ ብቻ ቀረው። የወረደው ቆርቆሮ ያረጀ ስለነበር ሲጣል ተጨማደደ፤ የበጎ ፈቃድ ልጆቹ ሰብስበው መኪና ላይ ጫኑት። አዲሱ ከሰዓት እንደሚመጣ ተነገረ። ወዲያው የከንቲባው ስልክ ጠራ። መቱ አስቸኳይ ስብሰባ አለ፣ አመራር በሙሉ ይፈለጋል። መኪኖቹ ተነሱ፣ ለማስጀመሪያው ብቻ የተጠራው አናጺም አብሮ ተሳፈረ። አቶ ደረጀ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ጠሩኝ።

«ናቲ፣ አንተ ቅር። የተጠቃሚ አስተያየት በቪዲዮ ቅዳ። ባነሩ ከኋላቸው ይታይ። አጭር ይሁን፣ ደስታ ይኑረው።»

ግቢው ድንገት ጸጥ አለ። ከእትዬ ብርቄ ጋር ወደ ቤት ገባሁ። ቤት መግባትና መውጣት ልዩነቱ ጠፍቶ ነበር፤ ምድጃው፣ ሳጥኑ፣ የተሰቀለው ካፖርት ሁሉ በቀን ብርሃን ሲታይ ያፍር ይመስል ነበር። ጋሽ ኦላና ነጠላውን በደህና እጃቸው ከፊታቸው ገልጠው ወደ ላይ አፍጥጠዋል። ፈገግ ብለዋል።

«ሰማዩ ቤት ገባ» አሉ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ አላየውማ» አሉ እትዬ ብርቄ ዝገቱን ከጋቢው ላይ እያራገፉ። «እንግዲህ ጥገብ!»

ጋሽ ኦላና አንዲት ወፍ ስታልፍ በዓይናቸው ተከተሏት። ያን ፊት አነሳሁት። ለሪፖርት የሚሆን አልነበረም፤ አመራር የለበትም።

ወጥተን ባነሩ ፊት ቆምን።

«ምን ልበል?» አሉኝ።

«የተሰማዎትን፣ እትዬ።»

«የተሰማኝን ብናገር አንተን ከሥራ ያባርሩሃል።»

«እንግዲያውስ... ደስ ብሎኛል ይበሉ።»

«ጣሪያዬን ሲመልሱልኝ እላለሁ። አሁን ግን ምኑ ነው ደስ የሚለው? ንገረኝና ልበል።»

ካሜራውን ዝቅ አደረግሁ። ከውስጥ የጋሽ ኦላና ድምፅ ተሰማ። «ቦካን ዱፌ!»

«ዝናብ መጣ እያለ ነው» አሉ እትዬ ብርቄ፤ ቀና ብለው አዩ፣ ሮጡ።

ኢሉባቦር ውስጥ የኖረ ሰው ዝናቡን ያውቀዋል። ማስጠንቀቂያው አጭር ነው። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ምድጃው ላይ ሲያርፉ አመዱ ቡፍ አለ። ጎረቤቶች መጡ፤ እህሉን፣ ሳጥኑን፣ ልብሱን እየተሸከሙ በየቤታቸው አስገቡ። የማይነሳው ጋሽ ኦላና ብቻ ነበሩ። ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ሸምሱ፣ ከወልቂጤ በኩል የመጣ፣ በቀልድም በዕቃም ሰፈሩን የሚቀልብ ሰው ነው፤ ቃሬዛ የሚሆን ሁለት እንጨት ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ እኔ ጋ እናውጣዎት። መጋዘኔ ደረቅ ነው።»

«አልወጣም።»

«ኧረ ዝናብ ነው ጋሼ!»

«በቃሬዛ የወጣ በእግሩ አይመለስም» አሉ። «የምታወጡኝ ቀን ታወጡኛላችሁ። ዛሬ አይደለም።»

እትዬ ብርቄ እንጨቶቹን ከሸምሱ ተቀብለው ግድግዳው ላይ አስደገፉ። የአንድ ታማሚ ሰው የመጨረሻ ሥልጣን ይህች ብቻ እንደሆነች ያውቁ ነበር መሰለኝ።

አቶ ደረጀ ጋ ደወልኩ፤ ስልካቸው ዝግ ነው። የሌሎቹም ዝግ ነው፤ ስብሰባ ላይ ስልክ ይሰበሰባል። ወደ ማዘጋጃ ቤቱ መጋዘን ሮጥኩ። ንብረት ጠባቂው በፍርግርጉ በኩል በጣቱ አሳየኝ። አዲሱ ቆርቆሮ ተደርድሮ ያብረቀርቃል።

«እሱማ አለ» አለኝ። «ማውጫው አልተፈረመም እንጂ። የሚፈርመው ሰው መቱ ነው።»

«ሰው ዝናብ ላይ ተኝቷልኮ።»

«ገባኝ ወንድሜ። አውጥቼ ብሰጥህ ነገ እኔ ነኝ የምታሰረው።» ከኋላው የተሰቀለ ጃንጥላ አወረደና በፍርግርጉ አሾልኮ ሰጠኝ። «ይኼ የግሌ ነው። ውሰደው።»

ክፉ ሰው አልነበረም። በዚያን ቀን ክፉ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይህ ነው።

ስመለስ እትዬ ብርቄ ባላቸው ላይ ጎንበስ ብለው በጀርባቸው ዝናቡን እየተቀበሉ ነው። ሸምሱ ቡና የሚያሰጣበትን ቁራጭ ሸራ አምጥቶ የጋሽ ኦላናን እግር ሸፍኗል፤ ከዚያ አያልፍም። ጃንጥላውን ከራስጌያቸው ያዝኩ። ሸምሱ ወደ ደጅ አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ።

«አንተ ገጣሚ» አለ፤ «ያ ከንቲባ ውጭ ቆሞ ምን ይሠራል?»

ባነሩን ፈታነው። ውኃ የማያሳልፍ ጥሩ ላስቲክ ነው፤ ለዓመት ተብሎ የተሠራ። አራቱን ጫፍ ከወራጁ ጋር በገመድ አሰርንና ከአልጋው በላይ ወጠርነው። በችኮላ ጽሑፉና ፎቶው ወደ ታች ሆነ። ዝናቡ ከላይ ይደበድበዋል፤ ከንቲባው ከላይ ሆነው ጋሽ ኦላና ላይ ይስቃሉ።

ጋሽ ኦላና ለረጅም ጊዜ ተመለከቷቸው። «ይሄ ማነው?»

«ከንቲባው ናቸው፣ ጋሼ» አልኩ።

«ጠዋት የመጣው?»

«አዎ።»

«ማሊፍ ኮልፋ?»

እትዬ ብርቄ ጸጉራቸውን እየጨመቁ ተረጎሙልኝ። «ለምን ይስቃል ይልሃል። መልስለት እንጂ፣ አንተ ነህ ያነሳኸው።»

በርግጥም ያንን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። ሸምሱ ሳቁን መያዝ አቃተው፤ እኔም አቃተኝ፤ ጋሽ ኦላናም ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ወደ ሳል ተለወጠና አልቆም አለ። ከዚያ በኋላ ማናችንም አልሳቅንም።

ሲመሻሽ ሸምሱ ስልኩን ከፈተ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበልኝ። የከተማችን ገጽ ላይ የጠዋቱ ፎቶዎች ተለጥፈዋል፤ እያንዳንዱ ኃላፊ በየቆርቆሮው። ፎቶዎቹን ማስጀመሪያው እንዳለቀ በስልክ የላክሁት እኔ ነኝ። ከሥራቸው የተጻፈው ግን የኔ አልነበረም፤ «የቤቱ ባለቤት በተደረገላቸው ድጋፍ መደሰታቸውን ገልጸዋል» ይላል። አንዲት ቃል አልቀዳሁም። እትዬ ብርቄ ሰምተውታል።

«መቼ ገለጽኩ?» ብለው ጠየቁ። እንደ ቀልድ አልነበረም። የረሱት ነገር ያለ ይመስል በርግጥ ይጠይቁ ነበር።

ሌሊቱን ዝናቡ እያባራ እየተመለሰ አደረ። ባነሩ መሃሉ ላይ ውኃ ሲያቁር የከንቲባው ጉንጭ አብጦ ወደ አልጋው ይወርዳል፤ በመጥረጊያ እንጨት ወደ ላይ ስንገፋው ውኃው በጎን ይፈስሳል። በየተራ ስንገፋ ነጋ። ከላይ የሚወርደውን ብንከለክልም በጎን የሚገባውን፣ ከወለሉ የሚነሳውን ቅዝቃዜ አልቻልነውም። ጠዋት ላይ የጋሽ ኦላና ትንፋሽ እንደሚንተከተክ ድስት ይሰማ ነበር።

ዝናቡ አቁሞ ጭጋግ ሲነሳ ፒክአፑ መጣ። ሮጬ ወጣሁ። ኋላው ባዶ ነው። አቶ ደረጀ ጭቃውን እየዘለሉ ገቡ።

«ባነሩ የታለ?» አሉ።

«ቆርቆሮውስ?»

«ይመጣል። የሚፈርመው ሰው መቱ ነው ያደረው። አሁን ባነሩን ቶሎ አምጣ፣ ሌላ ቀበሌ እየጠበቁን ነው።»

«ሌላም ቤት ሊያፈርሱ ነው?»

«ሊያስጀምሩ ነው!» አሉ ቃሉን ረገጥ አድርገው።

በእጄ ወደ ውስጥ አመለከትኳቸው። ገቡ። ባነሩን አዩ፣ ከሥሩ የተኙትን ሰው አዩ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ለአፍታ ያህል ፊታቸው ላይ እኔ የማውቀው፣ ቢሮ ውስጥ ሻይ ሲያዙልኝ የነበሩት ሰው ብቅ አለ።

«አባት፣ እንዴት አደሩ?» አሉ። ከአልጋው የተሰማው ያ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

የአቶ ደረጀ ስልክ ጠራ። ከወዲያኛው ጫፍ የሚጮኸው ድምፅ ለሁላችንም ይሰማ ነበር። «ሕዝቡ ተሰብስቧል፣ ባነሩ የት ደረሰ?» «መንገድ ላይ ነው» ብለው ዘጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ዓይኔን ግን አላዩኝም።

«ናቲ፣ አንድ ባነር ነው ያለን። ያለ ባነር ማስጀመሪያ የለም። ፎቶ ተነስተን ወዲያው እንመልሰዋለን። ከቆርቆሮው ጋር።»

«አልፈታም» አልኩ።

ራሳቸው ሊፈቱ እጃቸውን ሲያነሱ እትዬ ብርቄ ቀደሟቸው። ከአልጋው ጠርዝ ተነሥተው የመጀመሪያውን ገመድ ያዙ።

«እትዬ፣ ይተዉት!» አልኩ።

«የሰው ዕቃ ነው» አሉ። «ሲስቅብን አድሯል፣ ይበቃዋል።»

ቋጠሮው ስለራሰ አልፈታ አላቸው። በጥርሳቸው ፈቱት። አንድ በአንድ አራቱንም ፈቱ። ባነሩን አጣጥፈው፣ ውኃውን አራግፈው፣ ለአቶ ደረጀ በሁለት እጃቸው ሰጧቸው፤ ለእንግዳ ዕቃ እንደሚሰጥ። አቶ ደረጀም በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

«ና እንጂ፣ ግባ መኪና ውስጥ» አሉኝ።

ካሜራውን ከአንገቴ አውልቄ ባነሩ ላይ አስቀመጥኩላቸው። «ራስዎ ያንሱ።»

«ይሄ ሥራ መልቀቅ መሆኑን ታውቃለህ?»

«አላውቅም» አልኩ። እውነቴን ነበር። ጀግንነት አድርጋችሁ እንዳትወስዱት። እጄ ደንዝዞ፣ እንቅልፍ አጥቼ፣ ያንን መሰላል የሌላ ሰው ግድግዳ ላይ ተደግፎ ማየት አቅቶኝ ብቻ ነው። መኪናው ሄደ።

ረፋድ ላይ ደመናው ተመለሰ። ከዚህ በኋላ ፈቃድ የምንጠይቅበት ጊዜ አልነበረንም። ሸምሱ ቃሬዛውን አነጠፈ፣ አራት ሰው ሆነን ጋሽ ኦላናን አነሳናቸው። በሩ ጋ ስንደርስ ግን ደህና እጃቸው ከጋቢው ሥር ወጥታ መቃኑን ያዘች። ያች እጅ ያለ ገመድ ዛፍ የምትወጣ እጅ ነበረች፤ አጥብቃ ያዘች። ቆምን። ዝናቡ ጀመረ። እትዬ ብርቄ ቀርበው ጣታቸውን አንድ በአንድ ማላቀቅ ያዙ። እያላቀቁ በጆሯቸው የሚያንሾካሹኩት ነገር ነበር፤ በኦሮምኛ ስለሆነና ዝናቡ ስለሚጮኽ አልሰማሁም። ኋላም አልጠየቅኋቸውም።

በሸምሱ መጋዘን በጨውና በስኳር ጆንያ መሃል አስተኛናቸው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መጥታ ደረታቸውን አዳመጠች። መቱ ሆስፒታል ዛሬውኑ መድረስ አለባቸው አለች፣ መርፌ ወጋቻቸው። አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ሄዷል። ሸምሱ የጭነት መኪና ፍለጋ ከተማውን ዞረ። አንድ አይሱዙ አግኝቶ፣ ሾፌሩን ለምኖ፣ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ሲመለስ እኛ በሩ ላይ ቆመን ነበር። ከመኪናው ሳይወርድ ገባው።

ዝናቡ ገደላቸው ብዬ አልምልም። የታመሙ ሰው ነበሩ፤ ባይዘንብም ያን ክረምት ላይሻገሩ ይችሉ ነበር። ቤታቸው ውስጥ፣ ደረቅ ሆነው፣ መቃናቸውን ሳያስለቅቋቸው መሞት ግን ይችሉ ነበር።

አሁን ወደማልረሳው ነገር ልምጣ። የዕድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ብዙም ሳይቆይ የሰፈሩ ወንዶች ከአንድ ግቢ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ነገር ተሸክመው ወጡ፤ ብረቱን አቆሙ፣ ሸራውን ጎተቱ፣ ካስማውን መቱ። የዕድሩ ድንኳን ነው። ወፍራም፣ ሰፊ፣ ዝናብ የማያውቀው ድንኳን፤ የእትዬ ብርቄን ቤት ከነግድግዳው ውስጡ ሊያስገባ ይችላል። ደጃፉ ላይ ተተከለ። ዝናቡ በላዩ ይወርዳል፣ ከሥሩ ግን አንዲት ጠብታ አልገባም።

ሸምሱ አጠገቤ ቆሞ ነበር።

«ይኼ የት ነበር?» አልኩት።

በአገጩ አሳየኝ። ከእትዬ ብርቄ ቤት ሦስተኛው ግቢ ነው። እኔ ጃንጥላ ይዤ፣ እሱ መጥረጊያ ይዞ የከንቲባውን ጉንጭ ስንገፋ ባደርንበት ሌሊት፣ ድንኳኑ እዚያ ደርቆ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ማንም አልከለከለንም። ማንም «አይሆንም» አላለንም። የሚያሳዝነው ማናችንም አልጠየቅንም፤ እኔ አላሰብኩትም፣ ሸምሱ አላሰበውም፣ ዕቃ ተሸክመው ሲሮጡ የነበሩት ጎረቤቶች አላሰቡትም። ድንኳን ለሞተ ሰው ነው። በሕይወት ያለ ሰው ላይ ድንኳን መትከል በማናችንም አእምሮ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ቆርቆሮው በቀብሩ ማግስት መጣ። ግማሽ ቀን አልፈጀም። ርክክቡን ያነሳው ሌላ ልጅ ነው፤ እትዬ ብርቄ ጥቁር ለብሰው ቁልፍ ሲቀበሉ ይታያሉ፤ ቁልፉን ስድስት እጅ ይዞታል።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ ምን ሆንክ ካላችሁኝ፣ ሥራው ቀረ። አሁን መቱ አውቶቡስ መናኸሪያ አጠገብ በአንዲት ጠባብ ክፍል የመታወቂያ ፎቶ አነሳለሁ፤ ሰው ብቻውን ተቀምጦ፣ እጁ ሳይታይ። ስለ ዝናብ የጻፍኳቸው ግጥሞች ነበሩኝ፤ ዝናብን ሙሽራ ያደረግሁባቸው። ቀደድኳቸው። ያን ጊዜ ቂሜ ሁሉ መሰላል የወጡት ሰዎች ላይ ነበር፤ ቂሙ አሁንም አልለቀቀኝም። እነሱን መርገም ግን ቀላል ነው፣ እናንተም አብራችሁኝ ትረግማላችሁ፣ ከዚያ ሁላችንም ንጹሕ ሆነን ወደ ቤታችን እንገባለን። ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ግን ያ ደረቅ ድንኳን ነው። እነሱ ለፎቶ ያልሆነ ነገር አይታያቸውም፤ እኛ ደግሞ ለሞት ያልሆነ ነገር አይታየንም። በሰፈራችሁ ለቀብር ብቻ የሚከፈት ምን እንዳለ እስቲ ዙሩና እዩ።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ሸምሱ ደውሎ ወደዚያች ከተማ ጠራኝ። የዕድሩ ስብሰባ ነበር። ድንኳኑ ቤት ለፈረሰበትና ለታመመ ሰውም እንዲወጣ ደንቡ ይሻሻል ብለን ሐሳብ አቀረብን። ትንሽ ጉርምርምታ ሆነ።

«ለቁም ሰው ድንኳን ተክለን ማንን ልንጠራ ነው?» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ሟርት ነው!»

«ሸራውም ያልቃል» አለ ሌላው። «ሰው ሲሞት ምን ልንተክል ነው?»

እትዬ ብርቄ ከሴቶቹ በኩል ተነሡ። «አባቶቼ» አሉ፤ «ኦላና ከሞተ በኋላ ጠብታ አልነካውም። ለዚያ አመሰግናለሁ። ከዚያ በፊት ስለነበረው ሌሊት ግን አንድ ሰው ይንገረኝ።» ቆመው ጠበቁ። ማንም አልነገራቸውም። ተቀመጡ።

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ በሰፊው እንዲታይ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ አሉ። ብዙ እጅ ወጣ። ውጭ ዝናብ ጀምሮ ነበር፤ ሁላችንም ጣሪያ ሥር ስለነበርን ማንም አልቸኮለም።